የጦር አበጋዞች ማኅተምና የጋይንት ሣጥኖች

ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን 1860 ዓ.ም. በደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ተካሄደ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ከጠጡ ገና ሳምንታቸው ነው። የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ያወረደውን ጽዋ፣ መስቀል፣ ምንጣፍ፣ ድንኳንና የብራና መጽሐፍ ሣር ላይ ዘርግቶ ለራሱ መኮንኖች በጨረታ ሸጠው። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምዝ ገንዘብ ጭኖ ነው የመጣው፤ ከሁሉም ገዢ ላይ እየጨመረ ሲያነሣ ዋለ። ጋዜጠኛው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ በቦታው ነበርና ሁኔታውን በመጽሐፉ ተርኮታል። ከሽያጩ 5,000 ፓውንድ ገደማ ተገኘ፤ ለተራው ወታደር ሲካፈል በነፍስ ወከፍ አራት ዶላር እንኳ በቅጡ አላለፈም።

የጦር መሪን ንብረት ለመታሰቢያ መሰብሰብ በአገራችን የገበያ መልክ የያዘው በዚያ ሜዳ ላይ ነው ብል የሚሞግተኝ ብዙ አይመስለኝም። ቦታውም ለጋይንት ሰው ባዕድ አይደለም። ንጉሡ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ ዘቢጥና ወደ ዋድላ ዘለቁ፤ ከዚያ የጅዳንና የበሽሎን ገደል መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ ገቡ። ስድስት ወር ያህል የፈጀ ጉዞ ነው። ዛሬ ከወረታ ወልድያ የሚወስደው፣ ሰዉ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና ከዚያ የዘመቻ መንገድ ብዙም አይርቅም።

ከደላንታው ሐራጅ ወዲህ የመቅደላን ዕቃ የያዘ ሰው ሁሉ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ይህ በእርግጥ የመሪው ነው? እስከ ዛሬስ ማን ዘንድ ነበር? ሰብሳቢዎች በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብዙ ይደክማሉ። የእኔ እምነት ግን ክብደቱ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው፤ በተለይ ነገሩ ወረቀት ሲሆን። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤቶች ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ወረቀት ነው።

አውሮፓዊ የፊርማ ሰብሳቢ አሮጌ ደብዳቤ እጁ ሲገባ ዐይኑ መጀመሪያ የሚወርደው ወደ ግርጌው ነው። የእኛን የነገሥታት ደብዳቤ የሚመረምር ሰው ግን ራስጌውን ያያል። የ19ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ አይፈርምም፤ ያትማል። የአፄ ቴዎድሮስ ማኅተም መካከሉ ላይ አንበሳ አለው፤ ዙሪያውን በግእዝ ፊደልና በዐረብኛ ስማቸውና ማዕረጋቸው ተጽፏል። ከእሳቸው በፊት የነበሩ መሳፍንትም በዐረብኛ የተቀረጸ ማኅተም ይጠቀሙ ነበር፤ ደብዳቤያቸው ወደ ምጽዋና ወደ ግብፅ የሚሄድ ነበርና። ይህን የማኅተም ታሪክ ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ሰፋ አድርገው ጽፈውታል፤ ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሳያነበው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል።

ቃሉን የሚጽፈውም ንጉሡ አይደሉም። ንጉሡ ይናገራሉ፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ ማኅተም ጠባቂው ያትማል። በኋላ ዘመን ይህ ሥራ ከጸሐፌ ትእዛዝነት ጋር ተያይዞ ከፍተኛ ሥልጣን ሆነ፤ ማኅተሙን የያዘ ሰው የመንግሥቱን ቃል ያዘ ማለት ነበርና። ስለዚህ አንድ የጦር መሪ በእጁ የጻፈውን ፊደል እፈልጋለሁ የሚል ሰብሳቢ በ19ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ አያገኝም። የሚያገኘው በመሪው ትእዛዝ፣ በመሪው ፊት የታተመ ወረቀት ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት፣ መልስ በማጣቱ ያን ሁሉ መዘዝ ያመጣው ደብዳቤ እንደዚሁ ነው። ዛሬ ዋጋው ይህን ያህል ነው ሊባል አይችልም፤ እንግሊዝ አገር በመንግሥት ቤተ መዛግብት ተቀምጧልና ለሽያጭ አይቀርብም። እውነተኛነቱን የሚጠራጠር የለም። የተላከበት፣ የተቀበለው ቆንስል ካሜሮን፣ የደረሰበት መሥሪያ ቤት፣ የተቀመጠበት መደርደሪያ ሁሉ ይታወቃል። ማኅተሙ ባይኖርበት እንኳ ይኸው ጉዞው ይመሰክርለት ነበር።

ማኅተሙ ራሱ የመታሰቢያ ዕቃ የሆነበትም ጊዜ አለ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የአፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልሰዋል። ነገሩን ልብ ብሎ ላሰበው ትንሽ ያስቃል። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ለአንድ መቶ ዓመት ገደማ በባዕድ እጅ ነበር ማለት ነው፤ ማንም ወረቀት ላይ ሊያሳርፈው ይችል ነበር። አሳርፎታል እያልሁ አይደለም። ማኅተም ብቻውን ምስክር ሊሆን የማይችልበትን ምክንያት ለማሳየት ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ፊርማም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታዋቂ የሆኑ ጄኔራሎች ፊርማ ከሚጠይቃቸው ሰው ብዛት የተነሣ ጸሐፊዎቻቸው ይፈርሙላቸው ነበር። በኋላ ብዕር ይዞ የሚፈርም ማሽን መጣ፤ ቻርልስ ሃሚልተን የተባለው የኒው ዮርክ የፊርማ ነጋዴ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ፊርማ ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹን ያ ማሽን እንደፈረማቸው አሳይቷል። የባሰው የ1983ቱ ነው። «ሽተርን» የተሰኘው የጀርመን መጽሔት የሂትለር ማስታወሻ ነው የተባለ ደብተር በ9 ሚሊዮን ማርክ ገደማ ገዛ። የእጅ ጽሑፍ አዋቂዎች መረመሩና ትክክለኛ ነው አሉ። ነገር ግን ለማነጻጸሪያ ከተሰጧቸው ወረቀቶች መካከል የዚያው የአጭበርባሪው የኮንራድ ኩያው ሥራ ነበረበት! ሐሰትን ከሐሰት ጋር አስተያይተው «ይመሳሰላል» አሉ። ጉዱ የወጣው የጀርመን ቤተ መዛግብት ወረቀቱን ሲመረምር ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ የማንጫ ኬሚካል ተገኘበት። ደብተሩ ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንደቆየ አጥብቆ የጠየቀ ቢኖር ግን ላቦራቶሪ ድረስ መሄድም ባላስፈለገ።

ወደ ዘቢጥ እንመለስ። በዚያ ደጋ ላይ፣ አንቺም በተባለው ሜዳ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በዋለው ሰኞ በመንግሥት ላይ የሸፈቱት የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በውጊያ ወደቁ። ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱም የቀድሞ ባል ናቸው፤ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበር። የመንግሥቱን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ ናቸው። ውጊያው በአገራችን ታሪክ የሚታወሰው አውሮፕላን የተሳተፈበት በመሆኑ ነው። አውሮፕላኑ ከቦምብ በፊት የጣለው ግን ወረቀት ነበር፤ ጉግሣን የሚከተል ሁሉ በጳጳሱ በአቡነ ቄርሎስና በኤጲስ ቆጶሳቱ ቃል የተወገዘ መሆኑን የሚናገር ወረቀት። ንግሥቲቱ ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን ዐረፉ።

የጋይንት ገበሬ ወታደር ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ወረቀት ሲበተን ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። ውግዘት በሰው አፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንጂ ከደመና ላይ መጥቶ አያውቅም ነበር። ለሰብሳቢ ደግሞ ይህ ወረቀት ልዩ ፈተና ነው። በማተሚያ ቤት የታተመ ስለሆነ የማንም እጅ የለበትም፤ ብዙ ቅጂም ነበረው። ስለዚህ «ይህ አንቺም ላይ የወደቀ ነው» ብሎ አንድ ሰው ቢያቀርብልን ምን እንመረምራለን?

መጀመሪያ ስሙን። በዚያን ዕለት አልጋ ወራሹ ንጉሥ ተፈሪ መኰንን ናቸው። ንጉሥ የተባሉት መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው መንገሣቸው ከንግሥቲቱ ዕረፍት በኋላ ነው፤ ዘውድ የጫኑት ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.። እንግዲህ በአንቺም ወረቀት ላይ «ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ» የሚል ከታየ ነጋዴው ታሪክ አላነበበም ማለት ነው። «ራስ ተፈሪ» የሚልም ቢሆን ያጠራጥራል።

ቀጥሎ ዘመኑን። የጥንት ደብዳቤዎቻችን ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ሳይሆን የወንጌላዊውን ዘመን መጥቀስ ይወዳሉ። 1922 ዘመነ ማርቆስ ነው፤ 1860 ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ። ይህን ለማጣራት ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነው የቤተ ልሔም አገር ነው፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ መሪጌታ ዓመተ ዓለሙን ለአራት ገድፎ ወንጌላዊውን፣ ጥንተ ዮኑንና ዕለቱን በቃሉ ይነግራችኋል። አንድ ደብዳቤ «ማክሰኞ መጋቢት 22 ቀን 1922፣ ዘመነ ማቴዎስ» ቢል ሁለት ቦታ ላይ ወድቋል። አዲስ አበባ ያለ የቅርስ ነጋዴ ሊያልፈው የሚችለውን ስሕተት የቅኔ ቤት ልጅ ገና ሳይጨርስ ይይዘዋል። እኔ ብሆን ወረቀት ከመግዛቴ በፊት ከጠበቃ ይልቅ እንዲህ ያለ ሰው አማክራለሁ።

ከዚያ ቀለሙንና መጻፊያውን። እስክሪብቶ በገበያ የተስፋፋው ከ1945 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ የተባለ ደብዳቤ በእስክሪብቶ ከሆነ ነገሩ አለቀ። በጎን የተጨመረ ማስታወሻ ግን በእስክሪብቶ ሊሆን ይችላል፤ የልጅ ልጅ «ይህ የአባቴ ነው» ብሎ ጫፉ ላይ ጽፎ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ጽሑፍ ወረቀቱን ያበላሸ አድርጎ ያየዋል። ለእኔ ግን የወረቀቱን መንገድ የሚነግረኝ እሱ ነው።

የአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን ሲመጣ ማኅተም ሌላ ሥራ ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1932 ዓ.ም. ሰኔ ወር ካርቱም ሲገቡ አርበኛው ያለው በጎጃም፣ በበጌምድርና በሸዋ ዱር ነው፤ የእሳቸው በሕይወት መኖርና መምጣት የሚያጠራጥረው ብዙ ነበር። ጋዜጠኛና መኮንን የነበረው ጆርጅ ስቲር በካርቱም የአንበሳው ማኅተም ያለበት የአማርኛ ዐዋጅ እያሳተመ በአውሮፕላን አስበተነ፤ «ባንዲራችን» የተባለውም ጋዜጣ የዚያው ሥራ አካል ነው። ስለ ዘመቻው በ1942 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ ርእስ ያወጣው ከማኅተም ነው። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድም ነሐሴ 1932 ዓ.ም. ወደ ጎጃም ሲገባ ለየአርበኛው አለቃ የታተመ ደብዳቤ ይዞ ነበር። ደብዳቤው ጥይት ያህል የሚፈለግ ነገር ነበር፤ የንጉሥ ማኅተም የደረሰው አለቃ በጎረቤቱ ዘንድ ክብሩ ይጨምራልና።

ከዓባይ ወዲህ ማዶ ያለው ስማዳም፣ ጋይንትና እስቴም በዚህ መረብ ውስጥ ነበሩ። የበጌምድር ገዥ የነበሩት የራስ ካሣ ልጅ ደጃዝማች ወንድወሰን ካሣ ገና በ1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገድለዋል። ቀሪው ትግል በየወንዙ በተነሡ አለቆች እጅ ወደቀ። ደብረ ታቦር ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ መኮንኖች ተከብቦ ቆይቶ በሰኔ 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደር የወደቀችው በኅዳር 1934 ነው። የዚህን አገር አርበኞች ሥራ በመጽሐፍ ካስቀሩልን ቀዳሚው ገሪማ ታፈረ ናቸው፤ «ጎንደሬ በጋሻው» በ1949 ዓ.ም. ነው የታተመው። አያቱ አርበኛ የነበረ ሰው ሣጥኑን ከፍቶ የሚያገኘውን ስም ከዚያ መጽሐፍ ጋር ቢያመሳክር ብዙ ይጠቀማል።

የአርበኛ ደብዳቤ እንደ ቤተ መንግሥት ደብዳቤ ግርማ አይታይበትም። ወረቀት ብርቅ ስለነበር ቁራጭ ላይ፣ በሌላ ጽሑፍ ጀርባ፣ አንዳንዴም በጣሊያን ቅጽ ላይ ይጻፋል። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ጉዳዩ አጭር። ጥይት ላክልኝ፣ እገሌ ከድቷል፣ በዚህ ቀን በዚህ መልካ እንገናኝ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ለማይችለው ይጽፍለታል፤ አለቃው የቀለበት ማኅተም ካለው ያትማል፣ ከሌለው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይጫናል። የጣት አሻራ ያለበትን ወረቀት የሚንቅ ገዢ አጋጥሞኛል፤ «ፊርማ የለውም» ይላል። ሊቀዳ የሚችለውን ፊርማ አክብሮ፣ ከሰውየው በቀር ማንም የሌለውን ምልክት መናቅ አስቂኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለአንቺም ወረቀት የሠራው የማዕረግ ፍተሻ ለአርበኛ ደብዳቤ አይሠራም። በዱር አለቆች እርስ በርስ ይሿሿሙ ነበር፤ ቀኛዝማቹ ፊታውራሪ፣ ፊታውራሪው ደጃዝማች ይባላል። በላይ ዘለቀ በጎጃም ለተከታዮቹ ሹመት በመስጠት የታወቀ ነው። ከነጻነት በኋላ መንግሥት አንዳንዱን አጸደቀ፣ አንዳንዱን ዝቅ አደረገ፣ አንዳንዱን ጨርሶ አላወቀውም። ስለዚህ በ1931 ዓ.ም. «ደጃዝማች» ብሎ ያተመ ሰው በአዲስ አበባ መዝገብ ላይ በፊታውራሪነት ቢገኝ ወረቀቱ ሐሰት ነው ብሎ መጣል አይገባም። እንዲያውም ከመዝገቡ ጋር አለመግጠሙ ለእውነተኛነቱ ይመሰክርለታል፤ አጭበርባሪ የሚጽፈው በመጽሐፍ ያነበበውን ማዕረግ ነው።

ከቤት ሣጥን ቀጥሎ ትልቁ ማኅደር ቤተ ክርስቲያን ነው። ራስም ይሁን ንጉሥ ለደብር መሬት ሲሰጥ፣ ሰው ከሰው ርስት ሲገዛ፣ ጦር ሄዶ የሚመለስ ስለት ሲያገባ፣ ነገሩ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ወይም በኅዳጉ ይጻፋል፤ ምስክሮቹ ይዘረዘራሉ፤ የሚያፈርሰውም ይወገዛል። ታሪክ አጥኚው ዶናልድ ክራሚ ስለ መሬትና ስለ ኅብረተሰብ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ የቆመው በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ነው፤ የማኅደረ ማርያምና የደብረ ታቦር አካባቢ ደብሮች መዝገብ ብዙ ሰጥቷቸዋል። የመሳፍንቱን ስም፣ የሹሞቻቸውንና የዘመቻቸውን ጊዜ ለማመሳከር ከዚህ የተሻለ ምንጭ የለም። ሌባው ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ ገጹን በምላጭ ቆርጦ «የራስ እገሌ የመሬት ስጦታ» ብሎ ለውጭ ሰው ይሸጣል። ከወንጌሉ የተቆረጠ ቅጠል ምስክሮቹም፣ ደብሩም፣ ውግዘቱም ከኋላው የቀሩበት ነው። እንዲህ ያለ ነጠላ የብራና ቅጠል ለሽያጭ ሲቀርብላችሁ ዋጋ አትጠይቁ፤ ከየትኛው መጽሐፍ እንደተቆረጠ ጠይቁ።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ የቅርስ ባለቤት መሆን እንደሚችል ይቀበላል፤ የመጠበቅ ግዴታም ይጥልበታል። ቅርስን ከአገር ማስወጣት የሚቻለው ግን ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለዐውደ ርእይ፣ ያውም በፈቃድ ነው። የአያትን ደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ወንጀል አይደለም። ለቱሪስት ሸጦ በሻንጣ መላክ ግን ወንጀል ነው።

አዲስ አበባ ላይ ገበያው ሁለት ዓይነት ነው። በቸርችል ጎዳና ሱቆች የሚሸጠው አብዛኛው ለጎብኚ የተሠራ ነው። በአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ግን አንዳንድ ጊዜ ደራሲው ወይም ባለታሪኩ የፈረመበት መጽሐፍ ይገኛል። ለጀማሪ ሰብሳቢ የምመክረው እዚህ እንዲጀምር ነው። ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ለምሳሌ በ15 ዓመታቸው አርበኛ ሆነው እስከ 2009 ዓ.ም. ኖረዋል፤ ታሪካቸውን ፍቅረማርቆስ ደስታ «የበጋው መብረቅ» ብሎ ጽፎታል። በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ላይ «ለእገሌ» ተብሎ የሰፈረ ፊርማ ከባዶ ፊርማ ይበልጣል፤ የተቀባዩ ስም አለበትና መንገዱን ራሱ ይናገራል። ውጭ አገር ከፍተኛ ዋጋ የሚያወጣው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለእንግዶቻቸው ይሰጡት የነበረው፣ በብር ክፈፍ የገባ ባለ ፊርማ ፎቶግራፍ ነው። እሱም ቢሆን ለየትኛው አምባሳደር፣ በየትኛው ጉብኝት እንደተሰጠ ሲታወቅ ዋጋው ሌላ ነው።

ወደ ተነሣንበት ሐራጅ ዕዳ ስንመጣ፣ ያ ዕቃ ዛሬም እየተሸጠ ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ አንድ አጫራች ከመቅደላ የተወሰደ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለሽያጭ አውጥቶ ነበር፤ ተቃውሞ ተነሥቶ ሽያጩ ቀረ፣ ሼህራዛድ የተባለ ፋውንዴሽን ገዝቶ ለኢትዮጵያ አስረከበ። በየካቲት 2016 ኒውካስል ላይ ለጨረታ የቀረበ ጋሻ ነበር፤ የተማረከበት ቦታና ቀን፣ «መቅደላ» የሚለው ስም ሳይቀር፣ ተቀርጾበታል። እሱም ከጨረታው ወጣና በ2017 ዓ.ም. አገሩ ገባ። ጋሻውን ያሳወቀው ዘራፊው ራሱ ያስቀረጸው ጽሑፍ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለዘማቾቹ የሰጠው ሜዳይም እንዲሁ በእያንዳንዱ ጀርባ የወታደሩ ስም አለበት፤ ሰብሳቢዎች የሚሻሙትም በዚያ ስም ምክንያት ነው፤ የወታደሩን የአገልግሎት መዝገብ ፈልገው ያገናኙታል። የእኛ አርበኞች ሜዳይ ግን ብዙውን ጊዜ ስም የለውም። ከምስክር ወረቀቱ ከተለየ የማንም ይሆናል። ሜዳዩን ለአንዱ ልጅ፣ ወረቀቱን ለሌላው ማካፈል የተለመደ ነው፤ ወንድማማቾች ሲካፈሉ ፍትሐዊ ይመስላል፣ ታሪኩ ግን ለሁለት ይሰነጠቃል። አንዱ ሁለቱንም ይያዝ፤ ሌላው ምንሽሩን ይውሰድ።

አያያዝን በተመለከተ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ቸልተኝነት ሳይሆን ትጋት ነው። ሰው ወረቀቱን ከምስጥና ከጭስ ላድን ብሎ ላሚኔት ያስደርገዋል። ሙቀቱ ቀለሙን ይጎዳል፣ ፕላስቲኩም ዳግመኛ አይላቀቅም። ሌላው የደበዘዘውን ማኅተም በእስክሪብቶ ያደምቀዋል፤ እውነተኛውን በገዛ እጁ ሐሰተኛ አስመሰለው ማለት ነው። ፌስታል ውስጥ መጠቅለልም እርጥበት ያቁራል፤ በጉና ተራራ ነፋስና ጉም ሥር ለሚኖር ሰው ይህን መንገር አያስፈልግም። ንጹሕ ወረቀት መካከል አስገብቶ፣ ከምድጃው ርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ሣጥን ማኖር ይበቃል። በስልክም ፊቱንና ጀርባውን ፎቶ አንሥቶ ከተማ ላለ ዘመድ መላክ ነው። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት የጋይንቷ ነፋስ መውጫ በገባ ጊዜ ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ ሣጥን ተሸክሞ የሚሮጥ አልነበረም። ወረቀቱን ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብ ካለ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ይቀበላሉ፤ ስጦታውም በሰጪው ስም ይመዘገባል።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰዎች ጮክ ብለው የማያወሩት ነው። በአርበኛው ሣጥን ውስጥ፣ ከምስክር ወረቀቱ ሥር፣ የጣሊያን ማኅተም ያለበት ወረቀት ይገኛል፤ ለጣሊያን መንግሥት ገብቻለሁ ብሎ የተቀበለው። በዚያ ዘመን ለጊዜው ገብቶ፣ ጠመንጃና ጥይት ተቀብሎ፣ ወቅቱን ጠብቆ ተመልሶ የሸፈተ ብዙ ነው፤ እህል እስኪያጭድ የገባም አለ፤ ከልቡ የገባም አለ። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ያፍሩና ያቃጥሉታል። ነጋዴም ቢሆን ይህን ለይቶ አውጥቶ፣ አርበኝነቱን ብቻ አስቀርቶ ይሸጣል፤ ገበያው የሚፈልገው ንጹሕ ጀግና ነውና። እኔ ግን ሁለቱ አብረው ከተገኙበት ሣጥን የበለጠ የምመኘው የለም። የገባበት ቀንና የሸፈተበት ቀን ጎን ለጎን ሲታዩ የአንድ ወረዳ የሁለት ዓመት ፖለቲካ ይነበብባቸዋል፦ የትኛው ምሽግ መቼ እንደተሠራ፣ የትኛው አለቃ መቼ እንደከዳ፣ ገበሬው በየትኛው ወር ተስፋ እንደቆረጠና በየትኛው ወር መልሶ ጎፈሬውን እንዳሳደገ። እንዲህ ያለ ሣጥን የደረሰው ሰው ሁለቱንም በአንድ ፎቶ ያንሣ፤ የትኛው በላይ፣ የትኛው በታች እንደነበረም ሳይነካካ ይመዝግብ።